ከመቀየር በፊት ብሎን መፍታት

(መገናኛ፣ አንድ ሕንጻ ላይ ያለች ጠባብ የላፕቶፕ ጥገና ሱቅ፤ ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም.። አንደኛው ተነጋጋሪ የጥቂት ነጋዴዎችን መዝገብ የሚይዙ አንጋፋ ሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። ሌላዋ የሱቋ ባለቤት፣ ወጣት ጠጋኝ ናት። ጠረጴዛው ላይ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 ተቀምጧል።)

ሒሳብ ሠራተኛው፦ የመጣሁት ለማስጠገን አይደለም፤ ስንት እንደሚያወጣ እንድትነግሪኝ ነው። ይህን ሰጥቼ፣ ላዩ ላይ ጨምሬ ሌላ ልወስድ።

ጠጋኟ፦ ይቀመጡ ጋሼ። መጀመሪያ ምን እንደሆነብዎት ይንገሩኝ።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ምን ያልሆነው አለ! ጠዋት ቁልፉን ተጭኜ አቦሉ ተጠጥቶ ያልቃል፣ እሱ ገና ክቧን ያሽከረክራል። የሒሳብ ፕሮግራሜን ፒችትሪን ስከፍት ሌላ ጥበቃ። ባለፈው የግብር ወቅት አንዱ ደንበኛዬ ፊቴ ቁጭ ብሎ "ጋሼ፣ በእጅ ቢሠሩት አይፈጥንም?" አለኝ። ሜሪላንድ ያለችው ልጄ ደግሞ በደወለች ቁጥር "አባዬ፣ እሱን ጣለውና ማክቡክ ልላክልህ" ትለኛለች።

ጠጋኟ፦ ማክቡኩን ላከችልዎት እንበል። ፒችትሪውን የት ሊጭኑት ነው?

ሒሳብ ሠራተኛው፦ እዚያው ላይ ነዋ።

ጠጋኟ፦ እሺ አይልዎትም። ፒችትሪ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ኤም1 የሚባል የራሱን ቺፕ ካወጣ ወዲህ፣ ድሮ የኢንቴል ማኮች ላይ ዊንዶውስ የምንጭንበት መንገድ ተዘግቷል። ማሽኑ ግሩም ነው፤ ባትሪው ቀኑን ሙሉ ይይዛል። እርስዎ ቤት ግን ፊልም ማያ ሆኖ ነው የሚቀረው። የመዝገብ ሥራዎን ተመልሰው እዚሁ ኤሊትቡክ ላይ ይሠሩታል።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ እሱ ይቅር እንግዲህ። ዊንዶውስ ያለው ይሁን። ይኸኛው ግን ዐሥር ዓመቱ ነው። በመዝገቤ ላይ እንኳ እርጅናው ተቀናንሶ ዜሮ ከሆነ ቆየ።

ጠጋኟ፦ ዕድሜውን ለጊዜው እንተወው። እኔ መጀመሪያ ማየት የምፈልገው እርስዎ ሲጠብቁ እሱ ምን እየሠራ እንደሆነ ነው። ፒችትሪውንም ኤክሴሉንም ክሮሙንም እንደ ወትሮው አንድ ላይ ይክፈቱልኝ። … አሁን ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን አብረው ይጫኑ። ታስክ ማኔጀር መጣ? "ፐርፎርማንስ" የሚለውን ይንኩና ቁጥሮቹን ያንብቡልኝ፤ ቁጥር የእርስዎ ሥራ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ሲፒዩ 14 በመቶ። ሜሞሪ 3.5 ከ3.9። ዲስክ… 100 በመቶ። አሁንም 100። አልወርድ አለ።

ጠጋኟ፦ አዩት? አረጀ፣ ደከመ የሚሉት ፕሮሰሰሩን ነው፤ እሱ ግን ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። የታነቀው ዲስኩ ነው። ውስጡ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚዞር ሳሕን አለ፤ ሳሕኑ ላይ የሚመላለስ ክንድም አለ። ክንዱ የተፈለገው ቦታ እስኪደርስ፣ ሳሕኑም እስኪዞርለት ከ10 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጃል። ትንሽ ይመስላል። ግን ያ ማለት በአንድ ሰከንድ ከመቶ ቦታ በላይ ማንበብ አይችልም ማለት ነው። ዊንዶውስ ሲነሣ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ነገሮችን ከየጥጋጥጉ ይጠራል። ፒችትሪም እንደዚያው ነው፤ የአንዱን ነጋዴ ፎልደር ከፍተው ቢያዩት በትናንሽ የዳታ ፋይሎች የተሞላ ነው፤ የደንበኛው ለብቻ፣ የጆርናሉ ለብቻ። ኤስኤስዲ ውስጥ የሚዞር ነገር የለም፤ ቺፕ ብቻ ነው፣ በሰከንድ ብዙ ሺህ ቦታ ያነባል። አቦሉ ሳይፈላ ይነሣል።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ያቺ 3.5 ከ3.9 የምትለውስ?

ጠጋኟ፦ እሷ ናት ነገሩን ያባሰችው። ራምዎ 4 ጊጋ ብቻ ነው። ዛሬ ክሮም ብቻውን ይጨርሰዋል። ራሙ ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን አንሥቶ ዲስኩ ላይ ያራግፋል፤ ሲያስፈልገው መልሶ ያነሣዋል። አስቀድሞ በታነቀው ዲስክ ላይ ሌላ ሥራ ተጨመረበት ማለት ነው። እርስዎ ከክሮም ወደ ፒችትሪ ሲመለሱ ስክሪኑ ነጭ ሆኖ የሚቆየው ለዚህ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ልክ! ነጭ ይሆናል። እኔ ቫይረስ ነው ብዬ ስንቴ ፎርማት አስደረግሁት።

ጠጋኟ፦ ፎርማት ለአንድ ሁለት ሳምንት ያቀልለዋል፤ ከዚያ ያው ነው። ብዙ ሱቅ የሚኖረው በእሱ ነው፣ አልደብቅዎትም። ልክፈተው?

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ክፈቺው። የሚጠፋ ዋስትና የለ።

(ጠጋኟ ማሽኑን ገልብጣ ብሎኖቹን ታላላለች፤ የኋላ ክዳኑን በቀጭን ፕላስቲክ ዙሪያውን ላጥ ላጥ እያደረገች ታነሣለች። የፋኑ መውጫ ላይ ግራጫ አቧራ እንደ ጨርቅ ተነጥፏል። በጣቷ ጫፍ ቆንጥራ ስትስበው ሳይበጠስ አንድ ሆኖ ወጣ።)

ጠጋኟ፦ አልጋ ላይ ነው እንዴ የሚሠሩበት?

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ክረምት ሲሆን… ብርድ ልብሱ ላይ አንዳንዴ።

ጠጋኟ፦ ይኸው ብርድ ልብሱ። ይህን በነፃ ነው የማጸዳልዎ፤ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለውን የሙቀት ማስተላለፊያ ፔስትም እቀይረዋለሁ፣ የደረቀ ይመስላል። አሁን እዚህ ይዩ። የራም ማስገቢያው ሁለት ነው፤ የተያዘው አንዱ ነው። ያው ላይ 8 ጊጋ ብንጨምርበት 12 ይሆናል፣ ለእርስዎ ሥራ ይተርፋል። ሃርድ ዲስኩ ይኸኛው ነው። ከዚህ ጎን ያለችው ቀጭን ማስገቢያ ኤምዶትቱ የምንላት ናት፤ እስካሁን ምንም ገብቶባት አያውቅም።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ሌላ ሱቅ ጠይቄ ነበር። ሃርድ ዲስኩን አውጥተን በዚያው ልክ ኤስኤስዲ እናስገባለን፣ ርካሹ እሱ ነው አሉኝ።

ጠጋኟ፦ አልዋሹዎትም፤ ይሠራል። ፍጥነቱም ቢሆን እርስዎ ልዩነቱን አይለዩትም። በወረቀት ላይ ያኛው በሰከንድ 550 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ ኤምዶትቱው 3000 ያልፋል፤ ፒችትሪ ግን ከሁለቱ የትኛው ላይ እንዳለ አይነግርዎትም። እኔ ኤምዶትቱውን የምለው በሌላ ምክንያት ነው። ከዚህ በኋላ የመጡት ቀጫጭን ላፕቶፖች አብዛኞቹ የትልቁ ዲስክ ቦታ የላቸውም። ነገ ይህን ማሽን ሲሸኙት ኤምዶትቱውን ነቅለው አዲሱ ላይ ይሰኩታል። ትልቁን ከገዙ ግን ኬዝ ውስጥ ከትተው እንደ ፍላሽ ከመያዝ በቀር አዲሱ ውስጥ አይገባልዎትም።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ቆይ፣ ቆይ። በእኔ ቋንቋ ልድገመው። ወደሚቀጥለው ማሽን አብሮኝ የሚሄድ ዕቃ ንብረት ነው፤ እዚሁ ቀርቶ ከማሽኑ ጋር የሚሞት ወጪ ነው። ይህን ነው የምትዪው?

ጠጋኟ፦ እኔ እንዲህ አሳምሬ ብዬው አላውቅም። አዎ፣ እሱ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ራሙስ?

ጠጋኟ፦ የእርስዎ ዲዲአር4 ነው። ከስድስተኛ ጄኔሬሽን እስከ ዐሥረኛና ዐሥራ አንደኛ ድረስ ብዙዎቹ ላፕቶፖች የሚወስዱት እሱን ነው፤ ስለዚህ ይሄዳል። አምስተኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በታች ቢሆን ኖሮ ዲዲአር3 ነበር። ቅርጹም ስለሚለይ ሌላው ላይ አይገባም፤ ያ በእርስዎ አነጋገር ወጪ ነው። ግን የራም ነገር ዘንድሮ ግራ አጋብቷል። ፋብሪካዎቹ ፊታቸውን ወደ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ዳታ ሴንተሮች አዙረው የኛ ዓይነት ራም ዋጋው ዘሏል። የራም አምራቹ ማይክሮን ባለፈው ኅዳር ክሩሻል ብሎ ለተራው ገዢ የሚሸጠውን ምርት ሊያቆም መሆኑን አስታውቋል። ስለዚህ አዲስ ባልሸጥልዎ ይሻላል። ስክሪኑ ተሰብሮ ለዕቃ ከታረደ ላፕቶፕ ያወጣሁት አለኝ። ራም እንደ ባትሪ አያረጅም፤ ከሠራ ይሠራል፣ ካልሠራም ቶሎ ይታወቃል። ሌሊቱን በመፈተሻ ፕሮግራም አሳድረዋለሁ።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ኤስኤስዲውንም ከታረደው አትሰጪኝም?

ጠጋኟ፦ እሱን አዲስ ይግዙ። ኤስኤስዲ በተጻፈበት መጠን ያልቃል፤ ከዚህ በፊት ስንት እንደተጻፈበት ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባል ፕሮግራም ማየት ቢቻልም፣ የደንበኞችዎ መዝገብ የሚያድርበት ነው። ደሞ 1 ቴራ ተብሎ በማይመስል ዋጋ የሚሸጠውን እንዳይነኩት። ላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ ሌላ፣ ውስጡ ያለው ቺፕ ሌላ። የሞላ ያስመስልና ቀድሞ በተጻፈው ላይ ይጽፋል። 256 ጊጋ ይበቃዎታል፤ መዝገብ ቦታ አይፈጅም።

(የክዳኑን ውስጥ ስትመለከት ቆም አለች። ባትሪውን ከጎን ሆና ታየዋለች፤ የፕላስቲክ ሽፋኑ መሐል ላይ ቀና ብሏል።)

ጠጋኟ፦ ታችፓዱ አልጫን አላለዎትም?

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ኧረ ብሎኛል! ከመስከረም ጀምሮ። ቡና የፈሰሰበት መስሎኝ ማውስ ገዛሁ።

ጠጋኟ፦ ባትሪው አብጦ ከታች እየገፋው ነው። ይህ የሚቆይ ነገር አይደለም። ሊቲየም ነው፤ ከተበሳ ወይም ከተጫኑት እሳት ያነሣል። ሌላውን ነገር ቢያዘገዩት ይሁን፤ ይህን ግን ዛሬውኑ አወጣዋለሁ። መልሼ ልሰጥዎትም አልችልም።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ አንድ ሰዓት እንኳ አይዝም ነበር እኮ።

ጠጋኟ፦ ሲመረት 46 ዋት ሰዓት የሚይዝ ነበር። ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ መጀመሪያ ስንት ይይዝ እንደነበረ፣ አሁን ስንት እንደቀረው ጎን ለጎን ይጽፋል። የእርስዎን ቅድም ሳልከፍተው አይቼዋለሁ፤ ከሲሶው ብዙም አይበልጥ።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ እና ባትሪ ወጪ ነው ንብረት?

ጠጋኟ፦ ወጪ። ጥርት ያለ ወጪ። ሌላው ሞዴል ላይ አይገባም።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ታዲያ ይቅር። ቻርጀሩን ሰክቼ እሠራለሁ።

ጠጋኟ፦ መብራት ሲሄድስ? ፒችትሪ ፖስት እያደረገ ድንገት ቢጠፋ ዳታው ሊበላሽ ይችላል። ባለፈው አንዷ የሒሳብ ሠራተኛ ይዛ የመጣችው እንደዚያ ሆኖ ነው፤ የሦስት ወር ሥራ ከወረቀት ላይ እንደገና አስገባች። ባትሪ ማለት ለእኛ አገር ላፕቶፕ ማንቀሳቀሻ ብቻ አይደለም፣ መብራት ሲጠፋ ሥራዎን ሴቭ አድርገው የሚዘጉበት ጊዜ ነው። ወይ ዩፒኤስ ይግዙ፤ እሱ እንኳ ንብረት ነው፣ ከማንኛውም ማሽን ጋር ይሠራል። ወይ ልጅዎ ባትሪውን ታምጣ።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ለጥምቀት ትመጣለች። በፖስታ ቀድማ ብትልከውስ?

ጠጋኟ፦ ባትሪ ብቻውን በመንገደኛ አውሮፕላን እንደ ጭነት አይሄድም፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ክልክል ነው። እዚህ ኦሪጅናል ባትሪ በየሱቁ የማይገኘው፣ ሲገኝም የሚወደደው አንዱ በዚህ ነው። መንገደኛ ግን ለራሱ ዕቃ ከ100 ዋት ሰዓት በታች የሆነውን በእጅ ቦርሳው መያዝ ይችላል። የእርስዎ 46 ስለሆነ ችግር የለውም። ትልቁ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከተው ብቻ ይንገሯት።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ እሺ፤ አሁን እውነቱን ንገሪኝ። አንቺ የምታተርፊው በጥገና ነው። ለመጣው ሁሉ እንዲህ ነው የምትዪው?

ጠጋኟ፦ አልልም። ባለፈው ሳምንት አንድ የአርክቴክቸር ተማሪ መጥቶ ራም ጨምሪልኝ አለኝ። ከፈትኩት፤ ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፣ መጨመሪያ የለውም። ታስክ ማኔጀሩን ሳየው ሬቪት የሚባለውን የንድፍ ፕሮግራም ሲከፍት ፕሮሰሰሩ ራሱ 100 ላይ ነው፤ ግራፊክሱም ለብቻው የለውም። ለእሱ ኤስኤስዲ ብሸጥለት ዊንዶውሱ ቶሎ ይነሣለታል፣ ሥራው ግን ያው ነው። ዕቁብ ግባ፣ ይህንን ሳትነካው ሽጠው አልኩት። ፊቱ ጠቆረብኝ። የታነቀው ነገር ብሎን ተፈትቶ የማይደረስበት ከሆነ ምን አደርጋለሁ? ማዘርቦርድ የተቃጠለበት፣ ማጠፊያው ከነቀፎው የተገነጠለበትም እንደዚያው ነው። ይጠገናል፤ ግን ለሌላ ማሽን የሚበቃ ብር ይሄዳል።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ እኔም እኮ አዲስ ብገዛ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ።

ጠጋኟ፦ አዲስ ሲሉ ካርቶኑ ያልተከፈተ ነው?

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ኧረ ከየት አምጥቼ! ዶላሩ በሐምሌ 2016 ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ግድም የነበረው በሳምንታት ውስጥ መቶን ዘለለ፤ ከዚያ ወዲህ ካርቶን ያለው ላፕቶፕ ዋጋ ጠይቄም አላውቅ። ስላይትሊ ዩዝድ ነው የማስበው።

ጠጋኟ፦ እንግዲያው የሚገዙት አዲስ አይደለም፤ የሌላ ሰው አሮጌ ነው። እዚህ የሚደርሱት ብዙዎቹ ውጭ ያሉ ድርጅቶች ሦስት አራት ዓመት ሠርተውባቸው የለቀቋቸው ናቸው። ይህ የእርስዎም እንደዚያ መጥቶ ነው። አመጣጡ አይከፋም፤ የቢሮ ማሽን ጠንካራ ነው፣ ይከፈታል፣ ዕቃም አለው። ግን የራስዎ ላፕቶፕ የት የት እንደሚያመው ያውቃሉ፤ የሚመጣውን አያውቁትም።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ነው ነገሩ። አንድ ወዳጄ ከቴሌግራም ገዝቶ ጉድ ሆኗል። ሱቁ ውስጥ ሲያየው ሁሉ ነገር ይሠራል። ቤቱ ወስዶ እንደ አዲስ ሲያስጭነውና ከዋይፋይ ጋር ሲያገናኘው የአንድ አሜሪካ ያለ ድርጅት ስም ብቅ አለና የሠራተኛ ኢሜይል አምጣ አለው። ሻጩ ስልኩን ዘጋ።

ጠጋኟ፦ ድርጅቱ ማሽኑን በስሙ አስመዝግቦ፣ ሲሸጠው ሳይሰርዘው ቀርቷል። ፎርማት ቢያደርጉትም ኢንተርኔት ባገኘ ቁጥር ያ ጥያቄ ይመለሳል። ማክቡክም የቀድሞ ባለቤቱ ከአካውንቱ ካላወጣው እንደዚያው ይቆለፋል። ለዚህ ነው ሱቅ ውስጥ ቆመው ከስልክዎ ኢንተርኔት አገናኝተው፣ እንደ አዲስ አስነሥተው ማየት ያለብዎት። ባዮሱም የይለፍ ቃል እንዳይኖረው ገብተው ይዩ። ሻጩ ከተቻኮለ ይተዉት።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ እንግዲህ ነገሩ አለቀ። ይህንኑ አድሰን እስኪሞት እይዘዋለሁ።

ጠጋኟ፦ አላለቀም። ሰይጣኑም ቀነ ገደብ አለበት። ዊንዶውስዎ 10 ነው አይደል?

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ነው። "አክቲቬት አድርግ" የሚል ጽሑፍ ከጥግ ላይ አለው፤ አልሰማውም እንጂ።

ጠጋኟ፦ ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 የዊንዶውስ 10ን ድጋፍ አቁሟል። ማሽኑ መሥራቱን አይተውም፤ አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ ግን የሚደፍንለት የለም። እርስዎ ደግሞ የሰው የግብር ሰነድ በኢሜይል የሚቀበሉ ሰው ነዎት። ዊንዶውስ 11 በደንቡ ከስምንተኛ ጄኔሬሽን ኢንቴል ጀምሮ ነው የሚፈልገው፤ ይህ ስድስተኛ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ አንዱ ልጅ በአቋራጭ እጭንልሃለሁ ብሎኛል።

ጠጋኟ፦ ይጫናል፤ እኔም ለፈለገ ጭኜ አውቃለሁ። ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ለተጫነ ማሽን ወደፊት ማስተካከያ ስለ መስጠቱ ቃል አልገባም። ለቤት ልጅ ጨዋታ ይሁን፣ የሰው መዝገብ ያለበትን እንዲያ አላደርገውም። ሊኑክስ እንዳልልዎት ፒችትሪው አለ። የሚሻለው ማራዘሚያው ነው። ለግል ተጠቃሚ አንድ ዓመት ጨምረዋል፤ የተመዘገበ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 የደኅንነት ማስተካከያ ያገኛል። 30 ዶላር መክፈል አንዱ መንገድ ነው። ሌላው በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ የማሽኑን ሴቲንግ ባካፕ ማድረግ ነው፣ እሱ ገንዘብ አይጠይቅም። ግን ዊንዶውሱ ትክክለኛ መሆን አለበት። እነዚህ የቢሮ ማሽኖች ከፋብሪካ ሲወጡ ፈቃዳቸው ብዙ ጊዜ ባዮሱ ውስጥ ተቀምጦ ነው። ኤስኤስዲው ላይ ትክክለኛውን ፕሮ እትም ስጭነው ያ ጽሑፍ ራሱ ይጠፋል ብዬ አስባለሁ።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ጥቅምት 3 አልሽ? የመጪው ዓመት ጥቅምት 3?

ጠጋኟ፦ አዎ።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ እሱማ የግብር ወቅት መሐል ነው! ከሐምሌ እስከ ጥቅምት መጨረሻ እኔ ስልክ እንኳ አላነሣም። ያን ጊዜ ማሽን ቀይር ብትዪኝ ራሴን እሰቅላለሁ።

ጠጋኟ፦ ስለዚህ ጥቅምትን አይጠብቁ። ዛሬ ራሙንና ኤስኤስዲውን እናስገባ። እስከ ግንቦት በእርጋታ ይሠሩበታል፣ በእርጋታም ሌላ ይፈልጋሉ። ተጣድፎ የገዛ ነው የሚታለለው። ግንቦት ወይም ሰኔ መጀመሪያ ላይ ስምንተኛ ጄኔሬሽን ወይም ከዚያ በላይ ያለው የቢሮ ማሽን፣ ራምና ዲስክ የሌለው ወይም ትንሽ ያለው ቢሆንም ግድ የለም፣ ቀፎውን ብቻ ይገዛሉ። ኤሊትቡክ 840 ጂ5 ቢሆን ይህ ራምም ይህ ኤስኤስዲም ይገባበታል። ዋጋውም ከሙሉው ይቀንሳል።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ስምንተኛ መሆኑን በምን ላውቅ? ሻጭ ሁሉ "ስምንተኛ ነው ጋሼ" ነው የሚለኝ።

ጠጋኟ፦ የማሽኑን ስም አይመኑ። ቲንክፓድ ቲ480 ለምሳሌ አንዱ በሰባተኛ፣ ሌላው በስምንተኛ ጄኔሬሽን ወጥቷል፤ ከውጭ አንድ ናቸው። ሲስተም ውስጥ ገብተው የፕሮሰሰሩን ቁጥር ያንብቡ። አይ5 ይልና ሰረዝ አለው፤ ከሰረዙ በኋላ 8 ብሎ ከጀመረ፣ 8250 ወይም 8350 ዓይነት፣ ስምንተኛ ነው። 7300 ካለ ሰባተኛ ነው፣ ዊንዶውስ 11 አይቀበለውም። ስቲከሩን አይዩ፤ ስቲከር እኔም አለኝ፣ መሳቢያ ሙሉ።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ፒችትሪዬስ? የ2010ሩ እትም ነው።

ጠጋኟ፦ ለዚህ ነው ሰኔ የምልዎ። ስሙ ሴጅ 50 ከሆነ ዓመታት አልፈዋል፤ የእርስዎ እትም ዊንዶውስ 11 ላይ እንዴት እንደሚሆን ሞክሮ ማየት ያስፈልጋል። አዲሱ ላይ እንጭነዋለን፣ የአንድ ትንሽ ደንበኛዎን ባካፕ ሪስቶር አድርገው የወር ሪፖርት ያወጣሉ፣ ከአሮጌው ሪፖርት ጋር ያስተያያሉ። ልክ ከሆነ ይሻገራሉ። እምቢ ካለ ገና ሐምሌ አልገባም፣ ጊዜ አለዎት። አሮጌው ማሽንም እጅዎ ላይ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ፓራለል ማስኬድ ነው። ሲስተም ስንቀይር የምናደርገው እሱን ነው። እሺ። ከዚያ ይህ ኤሊትቡክ ምን ይሆናል?

ጠጋኟ፦ ሃርድ ዲስኩን ኬዝ ውስጥ አድርጌ የባካፕ ማስቀመጫ አደርግልዎታለሁ፤ ለዕለት ሥራ ቀርፋፋ ነው እንጂ በሳምንት አንዴ ለመገልበጥ ይሆናል። የቀረውን እኔ ልገዛዎት እችላለሁ። ስክሪኑ ደኅና ነው፣ ኪቦርዱም። ታርዶ ሌሎች ሁለት ሦስት ማሽኖችን ያስነሣል።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ አሁን ደስ አለኝ ልበል? እንግዲያው ፍቺው፣ አስገቢበት።

ጠጋኟ፦ ባካፕ ይዘዋል?

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ፍላሽ ላይ… የነሐሴው አለኝ መሰለኝ።

ጠጋኟ፦ ጋሼ! የነሐሴው! አሁኑኑ እዚሁ ቁጭ ብለው የሁሉንም ደንበኛ ባካፕ ያውጡ። ሃርድ ዲስክ ሲንቀራፈፍ አንዳንዴ ሊሞት ሲል ነው። እስኪያወጡ አልነካውም። ቻርጀሩን ልሰካልዎት፤ ባትሪውን መጀመሪያ ልንቀለው።

(ባትሪውን በቀስታ አላቅቃ አውጥታ መስኮቱ አጠገብ ባለው ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ሒሳብ ሠራተኛው ፍላሻቸውን ፈልገው ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አወጡ።)

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ዋጋውንስ? ከሌላ ላፕቶፕ አንጻር ስንት ይመጣል?

ጠጋኟ፦ ራሙ፣ ኤስኤስዲው፣ የእጅ ዋጋ ተደምሮ ሊገዙት ካሰቡት ሲሶ አይሞላም። ከግማሽ ቢያልፍ ኖሮ እኔም ይቅርብዎ እልዎ ነበር። ከሱም ላይ የእጅ ዋጋው ነው እዚህ የሚቀረው፤ ሌላው አብሮዎት ይሄዳል።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ደረሰኝ ትቆርጪልኛለሽ?

ጠጋኟ፦ በደረሰኝ ከሆነ ቫት 15 በመቶ ይጨመርበታል ጋሼ።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ይህን ለሒሳብ ሠራተኛ ነው የምትነግሪው? ቁረጪ። ግን ሁለቱን ለይተሽ ጻፊልኝ፤ ኤስኤስዲውንና ራሙን በአንድ መስመር፣ የእጅ ዋጋሽን ለብቻ።